ሒሳብ አልቀበልም

ወጌሻ ከመባሌ በፊት ፈታይ ነበርኩ፤
ጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ፣ ሌሊት ፈረቃ፣ ክር ስከተል ያደርኩ።
ማሽኑ ሲንጫጫ ጆሮዬ ቢደነቁር
ጣቴ ግን ይሰማል፤ የት ላይ እንደሳሳ፣ የት እንደሚቋጠር።
ዛሬም ያው ነው ሙያዬ፤
ክሩ ሥጋ ለብሶ ተጋደመ እንጂ በጠባቧ አልጋዬ።

ከቦርከና ድልድይ ወዲህ፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ
አንዲት ክፍል አለችኝ፤ ቆርቆሮዋ በግንቦት የሚያነድ፣ በሐምሌ የሚያነባ።
ሁለት ፎጣ፣ የኑግ ዘይት በሃይላንድ፣
ግድግዳው ላይ የጡንቻ ሥዕል፣ ቆዳው የተገፈፈ አንድ ወንድ።

ደሴ ወጥቼ ተምሬአለሁ፣ አርባ አምስት ቀን፣ አለኝ ሰርተፍኬቱ፤
ስዊድን የሚሉት አለ፣ ረጅም፣ ለስላሳ፣
ደምን ወደ ልብ የሚሸኝ፣ የማይቸኩል ሰዓቱ።
ታይ የሚሉት አለ፤ ዘይት የለ፣ ልብስ አይወልቅ፣
ሰውን እንደ ሰሌን ማጠፍ፣ መለጠጥ፣ መገጣጠሚያው እስኪላቀቅ።
ጥልቅ የሚሉት አለ፤ በክርን፣ አጥንት አጠገብ ድረስ፣
ተኝቶ የሚረግምህ፣ ተነሥቶ የሚመርቅህ፣ እንባውን ሲያብስ።
ብርጭቆ አውጥቶ "አዲስ ዘዴ" ሲለን አስተማሪው
ሳቄን ዋጥኩት፤ አባቴ በቀንድ ዋገምት ነው ያሳደገን፣
የገበሬ ወገብ ነበር እርሻው።

ዛሬ ጦይባ መጣች፤ ሐረጎን ወጥታ፣ ሐረጎን ወርዳ፣
ላቧ ፊቷ ላይ ጨው ሠርቶ፣ ባቷ እንደ ጠፍር ተገምዳ።
"ነገ ሆጤ አምስት ሺ አለብኝ፤ ጋሼ፣ ጠበቅ ያድርጉት፣
በክርንዎ ገብተው ቋጠሮውን ይፍቱት።"
"ዛሬ አይሆንም" አልኳት። "ለነገ ሯጭ የዛሬ እጅ ቀላል ነው፣ ፈጣን፤
ጡንቻን መቀስቀስ እንጂ ማስተኛት የለንም ሥልጣን።
ጥልቁ ለማክሰኞ ይቆይሽ።"
ከንፈሯን ነከሰች፣
"ወጌሻ ሁሉ ፈሪ" አለች፤
ፊቷን ወደ ግድግዳው፣ ወደ ተገፈፈው ሰውዬ መለሰች።

ፈሪ።
አልተሳሳተች።

ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እዚችው አልጋ ላይ ኑርዬ ነበር፣
የሐርቡ ልጅ፣ ስምንት መቶ ሜትር፣ ሲሮጥ ኮቴው የማይሰማ ነበር።
"ጭኔ ውስጥ የሆነ ነገር ጠሽ አለብኝ" አለኝ፣
የ"ጠሽ"ን ትርጉም የሚያውቅ ጆሮ ያኔ አልነበረኝ።
ቋጠሮ መሰለኝ።
በሙቅ ፎጣ፣ በአውራ ጣት፣ በክርን፣ በሙሉ ወኔ፣
ልጁ ጥርሱን ነክሶ "ይበርቱ" ይላል፤ በረታሁ እኔ።
ክር ሲበጠስ ማሽን ይቆማል፤ ይህን ከማንም በላይ አውቅ ነበር፤
አላቆምኩም።

በማግሥቱ ጭኑ እስከ ጉልበቱ ጠቁሮ አደረ።
ሐኪሙ "ማን አሸው ይሄን?" ብሎ ቢጠይቀው
"ወደቅኩ" አለ ኑርዬ።
ለእኔ ብሎ ይሁን፣ ሳያውቅ፣ ወይ አፍሮ፣
እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።

ማታ በሬን ስቆልፍ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ።
"ይግቡ ጋሼ።"
ነገ ንጋት ላይ ጦይባን መናኸሪያ የሚያደርሳትም እሱ ነው፤
"ታሸንፋለች?" ይለኛል። "እግሯ ደህና ነው" እላለሁ።
ሰፈሬ ደርሰን ብር ሳወጣ እንደ ሁልጊዜው ይስቃል፤
"ከእርስዎ ሒሳብ አልቀበልም፤ እጅዎ ይባረክ!"
ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን አልተቀበለም፤
የተከፈለ ይሁን የተመዘገበ ሒሳብ፣ አላውቅም።
መንገዱን ሁሉ እጆቼን ከጭኔ ሥር ሸጉጬ እቀመጣለሁ፤
ፍሬን ሲረግጥ
ቀኝ እግሩ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ይዘገያል።
ሌላ ተሳፋሪ አያየውም።